ከኋላ የሚመታ የለም

ከመተማ ዮሐንስ ኬላ ዝቅ ብሎ፣ የጭነት መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት መንገድ ዳር፣ የውቢት ጌም ቤት አለች። ቆርቆሮዋ ቀኑን ሙሉ ስለሚግል ሰው የሚገባባት ፀሐይ ከድንበሩ ማዶ ወደ ገላባት ስታዘቀዝቅ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አሮጌ ፕሌስቴሽን፣ አንድ ማራገቢያና ረጅም አግዳሚ ወንበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ቴሌቪዥኖቹ ነው፤ ጀርባው ወደ በሩ።

ውቢት ራሷ ጌም አትጫወትም። ቤቱን የከፈተችው ወንድሟ ለይኩን ሥራ ፈትቶ ኬላው አካባቢ እንዳይውል ብላ ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ጢሙ የሞላ፣ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ጎልማሳ ሆኗል፤ ለእሷ ግን ያው ነው፤ ሲያመሽ ሳይገባ አትተኛም።

ሰው የሚጣላው በአንድ ጌም ብቻ ነበር። ሰይፍ የያዘ ጎፈሬ ሰው አመድ በዘነበበት ከተማ ውስጥ ይሄዳል። ስሙ ረጅምና ለአፍ የማይመች ስለሆነ ደንበኞቹ «ጎፈሬው» ብለውት ቀርቷል። ከየፍርስራሹ ሥጋቸው ያለቀ፣ አጥንታቸው የገጠጠ ወታደሮች ይነሱበታል። እየቆረጠ፣ እየከተፈ ያልፋል። ሁሉም ሲወድቁ ትልቅ የብረት በር ይከፈትና ወደሚቀጥለው ግቢ ይገባል። ሌላ ነገር የለውም። ቢሆንም በዚያች ክፍል ስለ ጎፈሬው ውጊያ የተከራከሩትን ያህል ስለ ዝናቡ እንኳ አልተከራከሩም።

«ውሸት ነው!» ይላል አንዱዓለም። አንዱዓለም በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ደጋ የሚወርድ ሠራተኛ ነው፤ ከእርሻ ወደ ከተማ በወጣ ቁጥር ከዚያች ቤት አይጠፋም። «እንዲያ ከበውት ሲያበቁ አንዱ ሲመታ ሌላው ቆሞ ያያል? ሰርግ ነው ወይስ ጠብ?»

«ተራ ይጠብቃሉ» ይላል ለይኩን። «ወግ ነው።»

«የማን አገር ወግ?»

«የጌሙ ወግ ነዋ! የሚመታህ ሰው ሰይፉን ከፍ ያደርጋል፤ ዓይኑ ይቀላል። እሷን ጠብቀህ ምቱን ትመልስበታለህ። አንተ ግን ገና ሳይመጣብህ እንደ በርሜል ትንከባለላለህ።»

«ብንከባለልም ቆዳዬ ደህና ነው። አንተ እንደ ስልክ እንጨት ተተክለህ ቅር!»

ዑበይዳ ከጥጉ ሆኖ የተሰበረ ጆይስቲክ በካቻቢቴ ይፈታታል። ዑበይዳ ሱዳን፣ ወድ መደኒ ውስጥ ከውቢት ቤት የሚበልጥ የራሱ ጌም ቤት ነበረው። ጦርነቱ ሲመጣ ጥሎት ወጣ፤ አሁን የውቢትን ዕቃ ይጠግናል። አማርኛው የድንበር አማርኛ ነው፤ ሲናደድ ግን ሁሉም ዓረብኛ ይሆናል።

«ያ ዙል፣ እናንተ ሰዎች፣ ሁለታችሁም አላወቃችሁትም» ይላል ቀና ሳይል። «ትልቁ ውሸት በሩ ነው። ሁሉን ገድለህ ስትጨርስ በሩ ይከፈትልሃል። እኛ ጋ እንደዚያ አልነበረም።»

እሱ እንዲህ ሲል አንዱ ይስቅና ክርክሩ እንደገና ይነሣል።

ውቢት ከበሩ ሥር ተቀምጣ የምታየው ወንድሟን ነበር። ለይኩን ሲጫወት ጎፈሬው አይንቀሳቀስም። አጥንቶቹ ይመጣሉ፣ ይከቡታል፣ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። የአንዱዓለም ደግሞ ሌላ ነው። በተንከባለለ ቁጥር በቀኝ አውራ ጣቱ ምስሉን ያዞርና ከጎፈሬው ኋላ ያለውን ያያል። ለይኩን በዚህ ነው አብዝቶ የሚስቅበት።

«ምን ልታይ ነው የምትዞረው? ስማኝ፣ በዚህ ጌም ከስክሪኑ ውጭ ያለ አይነካህም። የሠሩት ሰዎች አስበውበታል። ያላየኸው ቢመታህ ተናደህ ትተወዋለህ አይደል? ስለዚህ ከኋላ የሚመታ የለም። በቃ የለም!»

«አውቃለሁ» ይላል አንዱዓለም። «አጨዳ ላይ በረድፍ ስትገባ ግን ከኋላህ ማጭድ የያዘ ሰው አለ። እሱን ካላየህ ቋንጃህን ነው። ጣቴ ለምዶበት ነው እንጂ።»

ለይኩን ያለው እውነት ነበር። ውቢት ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብ ብላ አየች፤ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ያሉት አጥንቶች ሰይፋቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ ይወዛወዛሉ እንጂ አይመቱም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሰሊጡ ታጭዶ እየታሰረ በየማሳው ላይ መቆም ጀመረ። እስኪደርቅ ድረስ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይከመራል፤ ቆላው ሰው ሂላ ይለዋል። ያ ጊዜ ዘበኛ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ከጎንደር የመጣ አንድ ባለሀብት ሽንፋ ወንዝ ዳር ላለው እርሻው መሣሪያ ያለው ሰው ይፈልጋል ተባለ። ለይኩን የአባቱን ክላሽ ከግድግዳ አውርዶ ሲወለውል ውቢት አገኘችው።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ልጠብቅ እሄዳለሁ።»

«ማንን?»

«ሰሊጥ ነዋ እታለም፣ ሰሊጥ! ገበያ ላይ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‘የአባቱ መሣሪያ ግድግዳ ላይ፣ እሱ ፕላስቲክ ይዞ ቴሌቪዥን ውስጥ ሲፎክር ይውላል’ ነው የሚሉኝ። ትናንት አንዱ ‘ጎፈሬው እንዴት ዋለ?’ አለኝ፤ ሁሉም ሳቁ።»

በዚያ ዓመት በሽንፋ መንገድ የወጣ ሰው ስልኩ ካልጠራ ቤተሰቡ እህል አይቀምስም ነበር። ሰው ከመኪና ተጎትቶ ይወርዳል፣ ሰው ከማሳ ይወሰዳል፤ ማን እንደወሰደው አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ይላል። ይህን ሁሉ እሱም ያውቃል። ለእሷ የታያት ግን ሌላ ነበር፤ ያ ጎፈሬ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ።

በማግሥቱ አመሻሽ ሁሉም ባሉበት ተናገረች።

«በጌሙ ይለይ። አንዱዓለም ካሸነፈህ አትሄድም። ካሸነፍከው አፌን እይዛለሁ።»

ለይኩን ሳቀ። «እታለም፣ ይኼማ ስንቅ ቋጥሮ መሸኘት ነው!»

«ከባዱ ላይ ይሁን» አለች።

ቤቱ ሁልጊዜ የሚጫወተው በቀላሉ ደረጃ ነበር፤ ከባዱ ላይ ሲሆን ደንበኛ ይበሳጭና ጆይስቲክ መሬት ይመታል። ዑበይዳ ተነሥቶ ደረጃውን ወደ ከባዱ ቀየረው። የበሩ ጠባቂ ግቢ ተመረጠ፤ ከበሩ ፊት መጥረቢያ የያዘ ግዙፍ አጥንት የቆመበት፣ ሰው እምብዛም የማያልፈው። ያለፈ ያሸንፋል፤ ሁለቱም ካለፉ ደሙ ብዙ ያልጎደለው።

አንዱዓለም ቀደመ። ከባዱ ላይ አጥንቶቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ነው የሚመጡት፤ እሱ ግን በመካከላቸው እንደ ዓሣ ሾለከ። እየተንከባለለ፣ አንዴ እየወጋ፣ እየራቀ፣ ትንንሾቹን ጨረሰ። የጎፈሬው ደም ምንም አልጎደለም። ውቢት የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ቆመች። ግዙፉ መጥረቢያውን እየጎተተ መጣ። አንዱዓለም ሸሸው፣ ዞረው፣ ወጋው። ከዚያ አውራ ጣቱ ሄደች። ምስሉ ወደ ኋላ ዞረ። ከኋላ አመድና ባዶ ግቢ ብቻ ነበር። ምስሉን ወደ ፊት ሲመልስ መጥረቢያው ወርዶ አልቋል።

«ምን ልታይ ዞርክ?» ብላ ጮኸች ውቢት። «ምን ልታይ!»

«እንጃ እቱ... ጣቴ ነው» አለ አንዱዓለም፤ ጆይስቲኩን አስቀምጦ እጁን አየው።

«ይህ ጌም ኋላውን የሚያይ ሰው ይቀጣል» አለ ዑበይዳ ለራሱ ያህል።

ለይኩን ተቀመጠ። በመጀመሪያ ክፉኛ ተመታ፤ ደሙ ከግማሽ በታች ወረደ፤ የውቢት ልብ ትንሽ አረፈ። ከዚያ ጎፈሬውን አስጠግቶ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጠና ቆመ። ቆሞ ጠበቀ። ዓይን ሲቀላ ይመልሳል፣ ዓይን ሲቀላ ይመልሳል። ግዙፉ መጥረቢያውን አነሣ። ለይኩን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ጠብቆ መለሰበት። ግዙፉ ተንበረከከ፣ ወደቀ። የብረቱ በር እያንቋረረ ተከፈተ።

አልፎከረም። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እህቱን አያት።

«አየሽ እታለም? አያልፍም ብለሽ ነበር።»

ቃሏን ሰጥታለችና አፏን ያዘች። በሶ ቋጠረችለት፣ የእጅ ባትሪ ሰጠችው፤ ባለሀብቱ በላከው ትራክተር ተጎታች ላይ ተቀምጦ ሄደ።

እርሻው ላይ ስልክ የሚሠራው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከማሳው መካከል ያለ ሰው የሚያህል ኩይሳ ላይ ሲወጡ። ለይኩን በየቀኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኩይሳው ላይ ወጥቶ ይደውልላታል። ሰዓቱ የጥሪ ሰዓት ነው። በዚያ አካባቢ ዘበኞች ሲመሽ ከካምፕ ካምፕ ይጠራራሉ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ድምፅ «ኧ... ደህና ናችሁ?» ይላል፣ ጎረቤት ካምፕ «ደህና!» ይላል። ሰላምታ ይመስላል፤ ዋናው ነገር ግን አድብቶ ለሚሰማ ሌባ ስንት ሰው እንዳለ ማሰማት ነው።

«ስሚ፣ ስሚ» ይላታል እየሳቀ፣ ስልኩን ወደ ማሳው ዘርግቶ።

መጀመሪያ የአያ ማናዬ ድምፅ ይመጣል፤ አያ ማናዬ ለይኩን ሳይወለድ በፊት ጀምሮ ሰሊጥ ሲጠብቁ የኖሩ አሮጌ ዘበኛ ናቸው። ወፍራም ድምፅ። ቀጥሎ ቀጭን የወጣት ድምፅ፤ እሱም የእሳቸው ነው። ቀጥሎ ጎርናና፣ በሳል የሚቋረጥ ድምፅ፤ እሱም የእሳቸው።

«ሦስት ነን እኮ፣ አያ ማናዬ ግን መንደር ያደርጉናል። ያ ሳል ያለበት ደግሞ የድሮ ጓደኛቸው ነው አሉ። እዚሁ ማሳ ላይ የሞተ።»

«የሞተ ሰው ያስጠራሉ?» አለች ውቢት።

«‘ሲጨልም ማን ሞተ ማን አለ የሚል የለም፣ የሚያደባ ሰው የሚቆጥረው ድምፅ ብቻ ነው’ አሉኝ። እኔንም ተለማመድ ይሉኛል። እኔ ድራማ አልችልም። አንድ ነኝ፣ አንዴ እጠራለሁ።»

«ለይኩዬ፣ እንደሚሉህ አድርግ።»

«እሺ እታለም» ይላል። ከዚያ ራሱ ይጠራል። ቀጠን ያለ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚነሣ ድምፅ።

አንድ ቀን አመሻሽ ስልኳ ሲጠራ ጌም ቤቱ ሞልቶ ነበር። አንዱዓለም አጨዳው አልቆለት አንደኛው ስክሪን ላይ ተቀምጧል፤ ሌላኛውን የአንድ ሹፌር ረዳት ይዞታል። የሰይፉ ድምፅ ቤቱን ያናውጠዋል።

«ዛሬ ብቻዬን ነኝ» አላት ለይኩን። «አያ ማናዬን ወባ ጥሏቸው በትራክተሩ ወደ ሽንፋ ከተማ ወሰዷቸው። ሦስተኛው ዘበኛም አብሮ ሄደ፤ ደግፎ የሚይዛቸው የለማ። ነገ ይመለሳሉ።»

«ምን አሉህ ሲሄዱ?»

«ያው። ‘በሦስታችን ድምፅ ጥራ፤ በአንድ የምትጠራ ከሆነ ጭራሽ አትጥራ’ አሉኝ። እንዲያ እየተንቀጠቀጡ የሚያስቡት ይህን ነው።»

«እና እንደዚያ አታደርግም?»

«እኔ የሰው ድምፅ እየሰረቅሁ? ቆይ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

ስልኩን ዘረጋ መሰላት፤ ነፋስ ሰማች፣ የደረቀ ሰሊጥ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ከዚያ የወንድሟ ድምፅ፣ ብቻውን፣ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ። «ኧ... ደህና ናችሁ?» ጠበቀች። ሌላ ድምፅ አልተከተለም። ከሩቅ ጎረቤት ካምፕ «ደህና!» አለ። እና ጥቂት ቆይቶ ከሌላ አቅጣጫ፣ ቀረብ ብሎ፣ ረጋ ያለ ድምፅ «ደህና!» አለ።

«ሰማሽ?» አለ ለይኩን። «ከወንዙ በኩልም መለሱልኝ። አዲስ ካምፕ ተተክሎ ይሆናል።»

ውቢት ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ወደ አንዱዓለም ዞረች። «እነ ለይኩን ማሳ ላይ፣ ከወንዙ በኩል ካምፕ አለ?»

አንዱዓለም አጨዳውን የጨረሰው እዚያ አካባቢ ነበር። ጎፈሬው እየተመታ እሱ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጣለ። «ከወንዙ በኩል? ገደል ነው እኮ። ሰው አይኖርበትም።»

«ለይኩን፣ ውረድ! ከኩይሳው ውረድ፣ ሩጥ! ወደ ጎረቤት ካምፕ ሩጥ!»

«ማሳውን ጥዬ?»

«አዎ ጥለህ! ተንከባለል፣ ምንም ሁን፣ ብቻ ሽሽ!»

«እታለም አትጩኺ። አንድ ሰው ነው። ያለበትን አውቄዋለሁ፤ ድምፁን ሰምቻለሁ። ወደዚያው ዞሬ ነው ያለሁት። ሲመጣ አየዋለሁ።» ድምፁ ፍርሃት አልነበረበትም። ጌም ሲጫወት የሚያወጣው፣ ትንፋሽ የተቆጠበበት ድምፅ ነበር። ከዚያ «ቆይ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ስልኩ አልተዘጋም። ሰሊጡ ይንኮሻኮሻል። ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማች፣ ሰው ሲያቃስት ሰማች፤ ከስልኩ ይሁን ከሹፌሩ ረዳት ስክሪን መለየት አቃታት።

«አጥፉት!» ብላ ጮኸች። «ያንን ነገር አጥፉት!»

ዑበይዳ የመብራቱን ገመድ ከግድግዳ ነቀለ። ቤቱ ጭጭ አለ። ስልኩም ጭጭ ብሎ ነበር።

ያልሄደችበት ቢሮ፣ ያልለመነችው ባለመሣሪያ የለም። በዚያ መንገድ ሳይነጋ የሚገባ ሰው አልተገኘም። ሲነጋ አንዱዓለምና የጎረቤት ካምፕ ሰዎች አገኙት። ኩይሳው ሥር ነው የወደቀው፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ። የተመታው ከጀርባው ነው። ከወንዙ የመለሰለት ሰው ከወንዙ አልተነሣም፤ ዓይኑን እንዲይዝላቸው ብቻ ነበር የጠራው። ሌሎቹ ከኋላው፣ ከሂላው መካከል ነው የወጡት። ሰሊጡን አንዲት ነዶ አልነኩም። የፈለጉት መሣሪያውን ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ደግሞ ራሱ ለይኩን በጥሪው ነግሯቸዋል።

አንዱዓለም ይህን ሲነግራት ማልቀስ አልቻለም። ቀኝ አውራ ጣቱን በግራ እጁ ጨብጦ ያዘ። «ኋላዬን ባላይ ኖሮ» አለ። «ያን ቀን ኋላዬን ባላይ ኖሮ አሸንፈው ነበር። አይሄድም ነበር።»

ድንኳኑ እንደተተከለ አያ ማናዬ መጡ። ወባው ዓይናቸውን ቢጫ አድርጎታል፤ በዱላ ነው የቆሙት። አልቅሰው ሲያበቁ ከድንኳኑ ኋላ ወሰዷት።

«ልጄ፣ ድምፁን ስጪኝ።»

«ምን አሉኝ አያ?»

«ሲጠራ እኔ ልብ ብዬ አልሰማሁትም። እንዴት እንደሚጠራ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ልጥራበት። እዚያ ማሳ ላይ ከቀረ አይቀር ከሰው ይቆጠር።»

ልታባርራቸው አሰበች። ከዚያ አፏ ራሱ ተከፈተ፤ ቀጠን አድርጋ፣ መጨረሻዋን ወደ ላይ አንሥታ ጠራች። እሳቸው ደገሙት።

«አልደረሰም አያ። መጨረሻዋን ይሳቧት።»

ደገሙት። ደገሙት። የሚያለቅሱት ሴቶች የድንኳኑን መጋረጃ ገልጠው አዩ። በመጨረሻ ሲመጣላቸው ውቢት ዱላቸውን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከአርባው በኋላ ጌም ቤቱን ከፈተች። ዑበይዳን ጠርታ ቴሌቪዥኖቹን ወደ በሩ ግድግዳ አዛወረቻቸው፤ አሁን የሚጫወት ሰው ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። ደንበኞቹ ብርሃኑ ዓይናችንን ይወጋናል ብለው ያጉረመርማሉ። ጎፈሬው አሁንም አለ። አንዱዓለም እስካሁን በከባዱ ላይ ይጫወታል፤ አሁንም አውራ ጣቱ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ አሁንም ይመታል። አንድ ከኬላው የመጣ አዲስ ልጅ «ምን ታያለህ ወንድሜ? በዚህ ጌም ከኋላ የሚመታ የለም» ብሎ ሳቀ። ከቆዩት ደንበኞች አብሮት የሳቀ አልነበረም።

በዚያው አመሻሽ ስልኳ ጠራ። አያ ማናዬ ነበሩ።

«ኩይሳው ላይ ነን ልጄ። ሁለት ሆነን ነው የወጣነው፣ ጀርባ ለጀርባ።»

ዑበይዳ ማንም ሳያዘው የሁለቱንም ስክሪን ድምፅ ቀነሰ። ውቢት ወደ ደጅ ወጣች። ወፍራሙ ድምፅ ጠራ። ቀጭኑ ጠራ። የሚያስለው ጠራ። ከዚያ ወንድሟ ጠራ፤ ቀጠን ብሎ፣ መጨረሻዋ ወደ ላይ ተነሥታ። ከጎረቤት ካምፕ «ደህና!» አሉ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጭና ሌላውን ጆሮዋን በጣቷ ደፈነች። ነፋስ ነበር፤ የቀረው ሰሊጥ ይንኮሻኮሽ ነበር። ከወንዙ በኩል የሚመልስ እንዳለ ለመስማት፣ አያ ማናዬ «ልጄ፣ አለሽ?» እያሏት፣ ሳትዘጋ ቆየች።